አንዱን ብቻ ምረጥልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ደወለችልኝ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የእሷ ነገር እንዲህ ነው፤ ስትደውል «እንደምን አደርክ» የምትለው ጉዳይዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ያን ዕለትም እንደ ልማዷ ሰላምታውን ዘላ ገባችበት።

«ይሄን ልጅ አንድ ነገር አድርግልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንዳይሆን ብዬ ነው። ከአባቱ ጋር አንድ መሶብ መቅረብ አቅቷቸዋል። ዜና በተከፈተ ቁጥር ጠብ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ ‹መንግሥት የሚባለው ነገር ከነሥሩ ካልተነቀለ መፍትሔ የለም› ሲል ሰማሁት። አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ። ስለ መንግሥት የተጻፈ አንድ ደህና መጽሐፍ ስጠውና ልቡ ይርጋ።»

«እታለም፣ መጽሐፍ እኮ ኪኒን አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ እኛ ቤት ማን ያጣዋል? ለዚህ እኮ ነው አንተ ምረጥለት የምልህ። ራሱ ፈልጎ ከሚያገኘው ይሻላል ብዬ ነው።»

ከዚያ «በል እንደምን አደርክ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለችኝና ዘጋችው።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ለእህቱ ልጅ አንድ መጽሐፍ መምረጥ እንዴት ያቅተዋል? ደግሞ መደርደሪያዬ የልቦለድና የግጥም ብቻ አይደለም። እኛ ዩኒቨርሲቲ በገባንበት በደርግ ዘመን፣ ሥነ ጽሑፍም አጠናህ ዕፅዋት፣ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ኮርስ ሳትወስድ አትመረቅም። ስለ መንግሥት ማንበብ የጀመርነው ወደን ሳይሆን ለፈተና ነበር። በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እነዚያ መጻሕፍት የሚሰድቧቸውን መጻሕፍት እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው የተሰደበን ነገር ማየት ይወዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ረድፍ ሞላ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናዬን ይዤ ከዚያ ረድፍ ፊት ቆምኩ።

መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ፕላቶ «ሪፐብሊክ» ነው። ስለ መንግሥት የሚያነብ ሰው ከዚያ ይጀምራል ተብለን ስላደግን ይሆናል። መምህሩ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና ሸንጎ ተፈርዶበት መርዝ ሲጠጣ፣ ፕላቶ ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነበር። ሕዝብ በድምፅ ብልጫ ጻድቁን ሲገድል ያየ ሰው ስለ ሕዝብ አስተዳደር ደግ ነገር ይጽፋል ተብሎ አይጠበቅም። የመጽሐፉ ልብ፣ ጥበብና ሥልጣን አንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ አገር ከመከራ አትወጣም የሚል ነው። ፕላቶ በሐሳብ ብቻ አልቀረም፤ የሲራኩስን ገዢ ፈላስፋ አደርገዋለሁ ብሎ ባሕር ተሻገረ። አልሆነለትም። በመጨረሻው ጉዞው ወደ አገሩ ለመመለስ እንኳ የወዳጆች አማላጅነት አስፈልጎታል። መጽሐፉ ድንቅ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሃያ ዓመት ልጅ ሲያነበው ያ ጥበበኛ ገዢ ማን እንደሆነ ወዲያው ይገለጥለታል፤ ራሱ ነው። እኔ በሃያ ዓመቴ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። መለስኩት።

ቀጥሎ አርስቶትል። ይሄኛው ሰማይ ሰማይ አያይም። እሱና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን የአስተዳደር ሥርዓት ሰብስበው እንደነበር ይነገራል፤ ከዚያ ሁሉ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው የአቴናው ብቻ ነው፣ እሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከግብፅ አሸዋ ውስጥ በፓፒረስ የተገኘ። «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ የሚለው፣ ባጭሩ፣ እጅግ ሀብታሙና እጅግ ድሃው የሚተያዩባት አገር አትረጋም፤ መካከለኛው ሰው የበዛባት አገር ናት የምትሰነብተው ነው። እውነት ነው። ግን በዚያው መጽሐፍ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎም ይከራከራል። ከዚያ ሌላ፣ አርስቶትል ከአርባ ዓመት በኋላ የሚጥም ምግብ ነው። ልጁ በሦስተኛው ገጽ ይተኛል። መለስኩት።

ሩሶን ነካ አድርጌ ተውኩት። «ማኅበራዊ ውል» በ1762 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በተወለደባት በጄኔቫ ከተማ በአደባባይ ተቃጥሏል። የእህቴ ልጅ ይወደዋል፤ የተውኩትም ስለሚወደው ነው። ሳያነበው ውስጡ ገብቷል። ያለውን ነገር ደግሜ ብሰጠው ምን ሰጠሁት ይባላል?

ከዚያ ማኪያቬሊ ላይ ደረስኩ፤ ቡናዬም እዚያ ላይ ቀዘቀዘ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ብሩህ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ተከትሎኝ መጣና «መምህር፣ ስለ ሥልጣን የሚገባኝ አንድ መጽሐፍ ንገሩኝ» አለኝ። እኔም ወጣት መምህር ነበርኩና ማስደነቅ እወድ ነበር። የማኪያቬሊን «ልዑሉ» ፎቶ ኮፒ ከቦርሳዬ አውጥቼ «ሌላው ስብከት ነው፤ እውነቱ እዚህ አለ» ብዬ ሰጠሁት። ይህችን አባባል ምን ያህል እንደወደድኳት አትጠይቁኝ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ለአንድ ፊርማ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው ሠራተኛ ፊቱ ተለውጦ ይወጣል፤ አንዲት ጸሐፊ ዓይኗን እየጠራረገች ወጣች። በመጨረሻ ስገባ ኃላፊው የእኔው ተማሪ ነው። ተነስቶ አቀፈኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። «መምህር፣ ለዚህ ያበቃኝ ያኔ የሰጡኝ መጽሐፍ ነው። ሰው ካልፈራህ አይሠራም» አለኝ። ምን ልመልስለት? ፊርማዬን ይዤ ወጣሁ። ለነገሩ ፊርማው በደቂቃ ነው ያለቀው።

ያን ቀን በታክሲ ስመለስ ያሰብኩት ያልነገርኩትን ነው። ማኪያቬሊ አሥራ አራት ዓመት የፍሎረንስ ሪፐብሊክ አገልጋይ እንደነበረ፣ በ1512 እ.ኤ.አ. ሪፐብሊኩ ሲወድቅ ከሥራው እንደተባረረ፣ በማግሥቱ ዓመት ታስሮ እጁ ወደ ኋላ ተጠፍሮ በገመድ እየተንጠለጠለ እንደተገረፈ፣ «ልዑሉ»ን የጻፈውም ከዚያ ወጥቶ፣ ሥራ ፈትቶ፣ አዲሶቹ ጌቶች ያስታውሱኝ ይሆናል ብሎ እንደሆነ አልነገርኩትም። ይኸው ሰው ስለ ጥንታዊት ሮም ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ፣ ሕዝብ ከአንድ ልዑል ይልቅ አስተዋይና ጽኑ ሊሆን እንደሚችል መከራከሩንም አልነገርኩትም። ከአንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ አንዱን ብቻ ሰጠሁት። ያ ልጅ በተፈጥሮው የሚፈራው «አይታዘዙልኝም» የሚለውን ነበር። እኔ ደግሞ ያንኑ ፍርሃቱን የሚያጸድቅለት መጽሐፍ አቀበልኩት። ያቺ ዓይኗን የምትጠራርግ ጸሐፊ እስካሁን ትመጣብኛለች።

ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እሑድ ከሰዓት ልጁ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ጋሼ፣ እማዬ ማስታገሻ ስጠው ብላሃለች አይደል?» አለኝ። ሳቅሁ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ?

መደርደሪያውን አየት አድርጎ «ለምንድነው ሁሉም ፈረንጅ? እኛ ስለ መንግሥት የጻፍነው የለም?» አለ። ደግ ጥያቄ ነው። ፍትሐ ነገሥቱን አሳየሁት፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ አንቀጽ 44 ላይ ስለ ነገሥታት የሚናገር፣ ለዘመናት የተፈረደበት ሕግ መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ እንደ ድል አድራጊ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አውጥቼ ዘረጋሁለት። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሞቶ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ሳያውቀው ገባር ይሆናል፤ የመንግሥት ዋና ሥራም የሕዝቡን ዕውቀትና ልማት ማሳደግ ነው ይላል።

«ይሄንን ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ» አለኝ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«እንዴት ነው ትለኛለህ እንዴ ጋሼ? ሰውዬው ይሄን ከጻፈ መቶ ዓመት አለፈው። ለዚህ እኮ ነው የተናደድኩት!»

ማስታገሻው መርዝ ሆኖ ተገኘ። እንደገና ሳቅን። ከዚያ ኮስተር አለና «በቃ አንዱን ብቻ ምረጥልኝ። ፈተና ደርሷል፤ ይሄን ሁሉ ማንበብ አልችልም» አለ።

ያኔ ነው ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ያልጠየቅሁት ጥያቄ የመጣልኝ። የትኛው መጽሐፍ ይበልጣል እያልኩ ነበር። ልጁ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ቆይ፣ አንተ የምትፈራው ምንድነው?» አልኩት።

አላመነታም። «መንግሥትን» አለ። የክፍል ጓደኛው ከመኝታ ክፍሉ ሌሊት ተወስዶ፣ ሦስት ወር ያህል የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ያለ ክስ እንደተለቀቀ ነገረኝ። ልጁ ተመልሷል፤ ግን አሁን በር ሲንኳኳ ከአልጋው ይወርዳል አለኝ። የእህቴ ልጅ የሚጮኸው ለካ ለዜናው አይደለም።

እኔም እስከዛሬ ያልነገርኩትን ነገርኩት። እናቱም አልነገረችውም ኖሯል።

ታላቅ ወንድማችን በ1970 ዓ.ም. ሲወሰድ የእህቴ ልጅ አሁን ባለበት ዕድሜ ላይ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሜ አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ ሞስኮ የታተመ፣ ልባሱ የለሰለሰ የሌኒን «መንግሥትና አብዮት»። ሌሎች መጻሕፍትም አልፎ አልፎ ያመጣ ነበር፤ እሱን ግን ከትራሱ ሥር አይለየውም። መንግሥት አንዱ መደብ ሌላውን የሚጨቁንበት መሣሪያ ነው፤ ይሰበራል፤ በኋላ ደግሞ ራሱ ይከስማል የሚለውን ለእኔ ለሕፃኑ ያስረዳኝ ነበር። ሌሊት መጥተው ሲወስዱት እናታችን መጽሐፉን እንጀራ ምጣዱ ሥር ማገደችው። ወንድሜ አልተመለሰም። ሬሳም አልሰጡንም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንን መጽሐፍ ለፈተና ሳጠና ነው አንድ ነገር የገባኝ። እሱን የወሰዱት ሰዎችም የሚያነቡት ያንኑ ነበር። በውይይት ክበባቸው የሚጠቅሱት፣ በመፈክራቸው የሚጽፉት እሱኑ ነው። በዚያ ዘመን ገዳይም ሟችም አንድ መጽሐፍ ይዘው ነው የተገናኙት። የተጣሉት ማን በትክክል አነበበው በሚል ነበር። ከመካከላቸው «ቆይ፣ ሌላስ ምን ተጽፏል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ብዙ እናቶች ባላለቀሱ ነበር እላለሁ፤ ልሳሳት እችላለሁ።

«ታዲያ እኔ የምለው ይሄንኑ አይደል?» አለ ልጁ። «የወሰደው መንግሥት ነው!»

«አዎ። ግን አልጨረስኩም» አልኩት።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው። በመካከሉ ያለውን አንድ ሳምንት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንግሥት አለ ተብሏል፤ ስሙ አለ እንጂ እሱ የለም። ከግንባር የተበተነ ወታደር ጠመንጃውን እንደያዘ መንገዱን ሞልቶታል፤ የራበው አለ፣ ጠመንጃውን የሚሸጥ አለ። ሌሊት ተኩስ ነው። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ የሚያውቅ የለም። እኔ ገና ተመርቄ ሥራ የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። እናታችን የግቢውን በር ከኋላ በግንድ ደገፈችው፤ እኔንና እህቴን መስኮት የሌለው ጓዳ አስገባችን። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሌሊት ላይ ይመስለኛል፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እንዲህ አለች፦

«ልጄን የወሰደብኝ መንግሥት እንኳ ቢኖር በተሻለኝ።»

ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወንድሜ የሰማት መሰላት። እስክትሞት ድረስ ያንን ቃል ሁለተኛ አላነሳችውም፤ እኛም አላነሳንባትም።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ተነስቼ ሁለት መጻሕፍት ከረድፉ አወጣሁ። አንደኛው የቶማስ ሆብስ «ሌዋታን» ነው፤ ሁለተኛው የጆን ሎክ «ሁለቱ የመንግሥት ድርሳናት»። እናቴ ሁለቱንም አላነበበችም፤ በዚያ ሌሊት ግን ሁለቱንም ባንድ አፍ ተናገረቻቸው።

ሁለቱ ሰዎች እንግሊዞች ናቸው፤ የአንድ ጦርነት ልጆች ናቸው ማለትም ይቻላል። ሆብስ በ1588 እ.ኤ.አ. ሲወለድ እናቱ የስፔን የጦር መርከቦች መጡ በሚል ወሬ ደንግጣ እንደወለደችው ራሱ ያወራ ነበር። በ1640 ነገር ሲከር ወደ ፓሪስ ሸሸ። አገሩ እርስ በርሷ ስትተላለቅ አሥራ አንድ ዓመት በስደት ተቀምጦ «ሌዋታን»ን ጻፈ፤ በ1651 ታተመ። ስሙን ያገኘው ከመጽሐፈ ኢዮብ ነው፤ ማንም ሊገታው ከማይችለው የባሕር አውሬ። ጥያቄው አንድ ነው፦ መንግሥት ባይኖርስ? መልሱም፣ ሰው ሁሉ ሰውን ይፈራል፤ ያረሰውን እንደሚያጭድ፣ የተኛው እንደሚነሳ እርግጠኛ የሚሆን የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰይፉን ለአንድ ኃይል አስረክቦ በሰላም ይደር ነው።

ሎክ በ1632 ተወለደ። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ በጥር 1649 በለንደን አንገታቸው ሲቀላ እሱ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የሚማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከጎረቤቴ ያድነኛል ብዬ ሰይፌን ያስረከብኩት ኃይል ራሱ ቢነሳብኝስ? ጥያቄው ከራሱ ኑሮ የመጣ ነው። በ1683 ወደ ሆላንድ ሸሸ። በዚያው ዓመት አልጀርኖን ሲድኒ የተባለ ሰው ሞት ሲፈረድበት፣ ከቤቱ የተገኘው ያልታተመ ጽሑፉ እንደ ምስክር ቀርቦበታል። ሎክ መጽሐፉን በ1689 ያሳተመው ያለ ስሙ ነው፤ ደራሲው እኔ ነኝ ብሎ በግልጽ ያመነው በኑዛዜው ነው። መልሱም፣ መንግሥት አደራ ተቀባይ ነው፤ አደራውን ከበላ አደራው ይነሳበታል የሚል ነው። እኛ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

«እንግዲያው የእኔ ሎክ ነው» አለ ልጁ እጁን ዘርግቶ።

«ለዚህ ነው ሆብስን የምሰጥህ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ማስታገሻው መጣ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። የማምንበትን ነገርኩት። ስለ መንግሥት ከተጻፉት ትላልቅ መጻሕፍት እያንዳንዱ የአንድ ፍርሃት መልስ ነው። ሰው ደግሞ መጽሐፍ ሲመርጥ ያለበትን ፍርሃት የሚያጸናለትን ይመርጣል፤ ያ ተማሪዬ እንዳደረገው፣ ወንድሜም እንዳደረገው። ማንበብ ያለብን ግን የሌለብንን ፍርሃት ነው። አንተ መንግሥትን መፍራት ማንም ሊያስተምርህ አያስፈልግም፤ ከጓደኛህ ተምረሃል። መንግሥት የሌለበትን ሌሊት ግን አታውቀውም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው ጦርነት በ2015 ጥቅምት በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ አንተ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ነበርክ። በየመንደሩ የጠመንጃ ባለቤት ዳኛ የሆነበትን ቦታ በስልክህ ነው ያየኸው። ያንን ፍርሃት ከሆብስ ተዋስ። ተቋቁመህ ስትወጣ ከነቀልክ ንቀል።

«እሺ ሆብስ ጓደኛዬን ምን ይለዋል? ዝም ብለህ ታሰር ነው?»

ይህ ነው ጥያቄ ማለት። እኔም ስንት ዓመት የተሳሳትኩበት ነው። ሆብስ የአምባገነን ጠበቃ ነው ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ገብተው ሲያዩት ግን ቤቱ በር አለው፤ ሊገድለው የመጣን እጅ መከላከል ሰው ለማንም አስረክቦ የማይጨርሰው መብቱ ነው ይላል። ዜጋ የመታዘዝ ግዴታ ያለበትም ገዢው ሊጠብቀው እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ሎክ ደግሞ የአመፅ ሰባኪ ነው ይባላል። እሱም ፍሬን አለው፤ ሕዝብ በትንሹም በትልቁም ጥፋት አይነሳም፣ በደሉ ተደጋግሞ ወዴት እንደሚወስደው በግልጽ ሲያይ ነው ይላል። ሎክም ንጹሕ አይደለም። ስለ ነፃነት የጻፈው እጅ በባሪያ ንግድ የሚያተርፍ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ይህንንም ስታነበው አትርሳ አልኩት።

ልጁ «ሌዋታን»ን ከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የታወቀውን ሥዕል ብዙ ጊዜ አየው። ከተራራ ጀርባ ብቅ ያለ ግዙፍ ንጉሥ ነው፤ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው የጳጳስ በትር ይዟል። ቀረብ ብለው ሲያዩት አካሉ በሙሉ በትናንሽ ሰዎች የተሠራ ነው።

«ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውናል» አለኝ ልጁ። «እሱን ብቻ ነው የሚያዩት።»

እኔ ያንን ሥዕል ስንት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ጀርባቸውን አይቼ አላውቅም።

ታዲያ እዚህ ላይ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሆብስን የሰጠሁት እውነት እሱ ስለሚያስፈልገው ነው? ወይስ እኔ ስለደከመኝ? ሰው ሃምሳን ሲያልፍ፣ ጡረታና የደም ግፊት ሲቀርቡት፣ ልጆቹ በሰላም እንዲገቡለት ሲጠብቅ፣ ሳያውቀው ሆብስን እየመሰለ ይሄዳል። «ብቻ ሰላም ይሁን» የምንለው እኛ ነን። ከዚያች ቃል ጀርባ ስንት የሌላ ሰው ልጅ ሌሊት እንደሚወሰድ አንጠይቅም። ዜና ሲመጣ ድምፁን የምቀንሰው እኔ ነኝ። እንግዲህ በራሴ ሕግ ብሄድ፣ የሌለብኝን ፍርሃት የሚሰጠኝ ሎክ ነው። ወይም ነበረብኝና ረስቼዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እኮ ነበረብኝ።

«ስማ» አልኩት። «አንተ ሆብስን ይዘህ ሂድ። እኔ ሎክን እንደገና አነባለሁ። ፈተናህ ሲያልቅ እንለዋወጣለን። የሰመርክበትን አታሳየኝ፤ የተናደድክበትን ነው የምፈልገው።»

«አንተም የተናደድክበትን ታሳየኛለህ?»

«እኔ እስክናደድ ጊዜ ስጠኝ።»

ሳቀና መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። ከመስኮት አየሁት። ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ አወጣውና ያንኑ ሥዕል እንደገና ያየው ጀመር።

ማታ እህቴ ደወለች። አሁንም ሰላምታ የለም።

«ምን ሰጠኸው?»

«በጣም ፈሪ የሆነ ሰው የጻፈውን።»

«ጎሽ! ፈሪ ደግ ነው።»

«ሌላም ይቀጥላል። ሲጨርስ የምሰጠው ሁለተኛ አለ፤ እኔ ጋ ነው።»

«ሁለተኛ ደግሞ ለምን? አንድ አይበቃውም?»

ምን እንደምመልስላት አሰብኩ። ስለ ሆብስና ስለ ሎክ ልነግራት አስቤ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንድማችን አንድ ብቻ ነበረው» አልኳት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» ልል ስል፣ በቀስታ «ልጁ እንደገባ ሥዕል አሳየኝ» አለችኝ። «ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። ‹እማዬ፣ አጎቴ ከእነዚህ የቱ ነው?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እሱ ዞሮ ነበር አልኩት።»

ትንሽ ቆየችና «በል፣ አንተስ እንዴት ዋልክ?» አለችኝ።